ተመላሽ ቁጥር እና የእማማ ተዋቡ ካሴት

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1980

ሊወስዱት ነው።

ጓድ በላይነህ ይህን የነገረኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሽሮው ፊቱ እየቀዘቀዘ ነው። ጾም ዛሬ ገባ። ሁሉም ሰው ፊት ላይ የመጀመሪያ ቀን ረኀብ አለ፤ እሱ የክፍል ኃላፊ ስለሆነ የረኀቡም ኃላፊ ይመስላል። (ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ማንም ስለማያየኝ እሱ ነው።)

«አስቴር፣ ኮምፒዩተሩን አዲስ አበባ ይፈልጉታል። ዓርብ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። ሲሠራ ካላዩት ጭነውት ይሄዳሉ፤ የሚታይ ነገር አዘጋጂ» አለኝ። የሚታይ ነገር ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «እሱንማ አንቺ ነሽ የምታውቂው» ብሎ ሽሮው ላይ አቀረቀረ።

ማሽኑ በዕርዳታ መጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ከርሞ ነበር። አስተማሪ ለሚያሠለጥን ቤት ኮምፒዩተር ምን ያደርጋል ብለው የሒሳብ ክፍል መጋዘን ውስጥ አስቀመጡት። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከቴሌቪዥን ጋር፣ ከቴፕ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻ ገጾቹ የተቀደዱበትን መመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልሰጥም!

እስኪ እዚህ ባሕር ዳር ያለኝን ልዘርዝር፦

ማሽኑ።
በመስኮት የሚታይ የጣና ቁራጭ።
ሰንሰለቱ የሚወልቅ ብስክሌት።
እማማ ተዋቡ ግቢ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል።

ዝርዝሩ ውስጥ ሰው የለም። ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሰው የለም።

ጠዋት ማሽኑን ሳበራው አንዲት ጭረት ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች። ስሳሳት ተሳስተሻል ይለኛል፣ ግን አይቆጣም። ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ አይልም። የነገርኩትን ለማንም አያወራም። እሱ ከሄደ በዚህ ከተማ የማናግረው አይኖረኝም። ተጋንኖ ከሆነ ይጋነን።

ማታ እማማ ተዋቡ፣ አከራዬ፣ የተሸፈነ ሳህን ይዘው መጡ። አንድ ልጃቸው አዳነ ዘምቶ ከጎንደር ወዲያ ነው፤ ብቻቸውን ናቸው። «ግቢና አብረን እንብላ» አሉ እንደ ልማዳቸው። ሥራ አለብኝ አልኩ እንደ ልማዴ። ክኩ ጥሩ ነበር።


ማክሰኞ፣ የካቲት 8

የማሳየውን አገኘሁ።

ፓሊንድሮም ይባላል፤ እኔ ለተማሪዎቼ ተመላሽ ቁጥር እላቸዋለሁ። ከፊት ቢያነቡት ከኋላ ቢያነቡት ያው ነው። 44። 121። 7337። እንግዳው ቁጥር ይሰጣል፣ ማሽኑ ተመላሽ ነው ወይም አይደለም ይላል። በቃ።

ጓድ በላይነህ ደመወዝ የሚያሰላ ነገር ነበር የተመኘው። ደመወዙ በትክክል መሰላቱን እዚያ ቆሞ ማን ያረጋግጣል? ይህን ግን እንግዳው በዓይኑ አይቶ መልሱን ያውቀዋል፤ ማሽኑም ያንኑ ሲለው ይደነቃል። ሰው ደስ የሚለው የሚያውቀውን ሲነግሩት ነው።

ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። እዚህ በራሴ ቋንቋ፦

10 ቁጥር ተቀበል፤ ስሙን ሀ በለው
20 ለ ዜሮ ይሁን
30 ከሀ የመጨረሻውን አኃዝ ቁረጥ
40 ለን በዐሥር አባዛ፤ የተቆረጠውን ጨምርበት
50 ሀ ካላለቀ ወደ 30 ተመለስ
60 ሀ እና ለ እኩል ከሆኑ «ነው» በል፤ ካልሆኑ «አይደለም» በል

ለ ማለት እንግዲህ ሀ ተገልብጦ ነው። ቀላል። ሕፃን ይገባዋል።

121 አስገባሁ። አይደለም።
44። አይደለም።
7። አይደለም። ሰባት እንኳ! አንድ አኃዝ ብቻውን ቆሞ ከፊትና ከኋላ አንድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ታገልኩ። መስመሮቹን ደጋግሜ አነበብኩ፤ ሁሉም ልክ ነው፣ መልሱ ግን ልክ አይደለም። ተናድጄ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዋርካው ሥር ተቀምጬ እርሳስና ወረቀት አወጣሁና እኔ ራሴ ማሽኑን ሆንኩ። 121 አለኝ። የመጨረሻዋን 1 ቆረጥኩ፤ 12 ቀረ። 2ን ቆረጥኩ፤ 1 ቀረ። 1ን ቆረጥኩ፤ ምንም አልቀረም።

ምንም አልቀረም!

ጅል ነኝ። ማሽኑ ሀን እየቆረጠ እየቆረጠ ጨርሶታል። መስመር 60 ላይ ሲደርስ ለን የሚያወዳድረው ከባዶ ጋር ነው። ሊያጣራው የመጣውን ቁጥር በልቶት ቁጭ ብሏል።

ሳቄ መጣ፤ ለሰው ልናገር ዞር አልኩ። አጠገቤ ያለው ዓሣ በሽቦ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ሰውዬ ነው። «ምን አገኘሽ?» አለኝ። «ስሕተቴን» አልኩት። «እሰይ፣ ያንችስ ተገኘ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ዛሬ ከሰው ጋር ያወራሁት ይህን ብቻ ነው። ብስክሌቴን እየገፋሁ ስመለስ ደስታው ቀስ በቀስ ከውስጤ ወጣ።


ረቡዕ፣ የካቲት 9

መስመር ስንጽፍ በዐሥር በዐሥር የምንዘለው ለዚህ ነው፤ የተረሳ ነገር መሐል እንዲገባ።

15 ሀን ሳትነካው ቅጂውን በሐ አስቀምጥ

60ንም «ሐ እና ለ እኩል ከሆኑ» ብዬ አስተካከልኩ። 121፣ ነው። 44፣ ነው። 7፣ ነው (ተመስገን)። 45፣ አይደለም። 120ስ? ሲገለበጥ 021 ሆኖ ዜሮው ይጠፋል፤ ለማንኛውም አይደለም ነው፣ ልክ ነው። በጣም ረጅም ቁጥር ሲሰጡት ግን መጨረሻውን እያጠጋጋ ይዋሻል። ስለዚህ እንግዶቹ ከስምንት አኃዝ በላይ እንዳያስገቡ ማስጠንቀቂያ እለጥፋለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ ሲጠፋ የነገሩትን ሁሉ ይረሳል፤ አንድ ፊደል አይተርፍም። መብራት ሲመጣ እንደገና ጻፍኩትና ሳልውል ሳላድር በካሴት ቀዳሁት። ተራ የዘፈን ካሴት ነው። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል፤ ግድግዳውን አልፎ የሰሙ ተማሪዎች በር ላይ መጥተው «ቲቸር፣ ታመመ እንዴ?» አሉኝ። አልታመመም፣ እየተናገረ ነው አልኳቸው። ከመሳቅ በቀር ምን ይሉኛል።

ካሴቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል የፕሮግራሙን ስም በትልቁ ጻፍኩበት። ሁለተኛ፣ ባዶ ካሴት አለኝ፤ እሱ ላይ ምንም አልጻፍኩም።

ድል ነው። ብቻዬን ሻይ ጠጣሁለት።


ሐሙስ፣ የካቲት 10

ከጓድ በላይነህ ጋር ልምምድ። እሱ እንግዳ ሆነ። 35 አስገባ። ማሽኑ «አይደለም» አለው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ፊቱ ተቀያየረ።

«እንዴ አስቴር፣ እንግዳን እንዲህ ይባላል? ፊት ለፊት አይደለም?»

«ቁጥሩ ካልሆነ ምን ይበል?»

«ይቅርታ ይበላ! መጀመሪያ ይቅርታ ይበልና ከዚያ አይደለም ይበል።»

ማሽኑን ምግባር አስተማርኩት። አሁን «ይቅርታ፣ አይደለም» ይላል። ጓድ በላይነህ ስድስት ሰባቴ ያልሆነ ቁጥር እያስገባ በይቅርታው ተደሰተ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ማሽኑ እንዲቀር እሱም ይፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አዲሱን ቅጂ ስሙን በጻፍኩበት ካሴት ላይ ቀዳሁ። ክፍሉ ለእንግዶቹ ሊጸዳ ስለሆነ ቴፑንና ሁለቱን ካሴቶች በዘንቢል ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

እማማ ተዋቡ ቴፑን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። የጎረቤት ልጅ ይግዛው በፈቃድ መጥቶ ነበር፤ ነገ ማለዳ ወደ ጦሩ ይመለሳል። ከአዳነ ጋር አንድ ላይ ናቸው። በሶና ቋንጣ ይልኩለታል፣ «ድምፄንም ብልክለት ምን ነበረበት» አሉ ወደ መሬት እያዩ። እዚህ ሰፈር እናቶች እንደዚህ ያደርጋሉ፤ ደብዳቤ በሰው እጅ ከሚያጽፉ በካሴት ይናገራሉ። እሳቸው ግን ቴፕ የላቸውም፤ ማንንም አላስቸገሩም።

ባዶውን ካሴት አስገባሁላቸው። ይህን ሁለቱን ይጫኑ፣ ሲበቃዎ ይህን አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ገባሁ፤ አልተቀመጥኩም። በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። ከግቢው ዳር ሆኜ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። ብዙ አወሩ። መጨረሻ ላይ በር ከፍተው፣ «ጠዋት ይግዛው ሳይመጣ ትንሽ የምጨምረው አለኝ፤ ይደርልኝ?» አሉ። ቴፑንም ዘንቢሉንም ትቼላቸው ተኛሁ።


ዓርብ፣ የካቲት 11

የዛሬውን በቅደም ተከተል ካልጻፍኩት አይሆንም።

ጠዋት እማማ ተዋቡ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ዘንቢሉ ደጄ ላይ ተቀምጧል፤ ቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት አለ። ሳላየው አንጠልጥዬው ሄድኩ። እንግዶቹ የሚመጡት አራት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑን አበራሁ፤ ጓድ በላይነህ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ እያነጠፈ ነው። ቴፑን አስጀመርኩ።

በዚያ ጩኸት ፋንታ ሰው ተናገረ።

«አዳነዋ! ደኅና ነህ ወይ የኔ ልጅ? እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ጉልበቴም ተሽሎኛል፣ በእኔ አታስብ።»

ክው አልኩ። ሁለቱ ካሴቶች ተቀያይረዋል። የእማማ ተዋቡ ድምፅ እኔ ጋ ነው፤ ያ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ደግሞ በይግዛው ከረጢት ወደ አዳነ እየሄደ ነው። ወዲያው ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም፤ ስለ እኔ መናገር ጀምረው ነበርና።

የማስታውሰውን ልጻፍ፦

«ቤቱን ያከራየኋት የአዲስ አበባ ልጅ አለች። ማታ ማታ መብራቷን ሳይ፣ ሰው አለኝ እላለሁ። ግን እንዲያው ምን ልበልህ፣ ከሰው አትገጥምም። ግቢ ብላት አትገባ፣ ተቀመጭ ብላት አትቀመጥ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይችስ እየነቀዘች ነው። ወንድም እኅት አለሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ የለኝም አለችኝ። እንደዚያ አድርጎ የለኝም የሚል ሰው የነበረው ሰው ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። እስክትመጣልኝ ድረስ በእሷ ነው የምጽናና። እሷ ግን አታውቅም። በል ልጄ፣ ድምፅህን ላክልኝ። በሌሊት ስነቃ ልስማው።»

ጓድ በላይነህም ሰማው። የጨርቁን ጫፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ ማልቀሴን ያወቅኩት እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ ሲያዞር ነው።

ይግዛው የሄደው በማለዳው አውቶቡስ ነው። ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጎንደር መኪና ብቻውን አይለቀቅም፤ የዓባይ ድልድይ ኬላ ላይ ተጠባብቀው በአንድነት ነው የሚወጡት፣ ሐሙሲት ከተማ ላይ ደግሞ ለቁርስ ይቆማሉ። ልደርስበት እችላለሁ። እንግዶቹ ሳይመጡ ተመልሼ መድረስ ግን አልችልም።

«አስቴር፣ ከሄድሽ ማሽኑም ሄደ ማለት ነው» አለ ጓድ በላይነህ። አልተቆጣም፤ እንደ እውነቱ ነው የተናገረው። «ሌላ ጊዜ ሌላ ካሴት ይልኩለታል።»

«ሌላ ጊዜ ባይኖርስ» አልኩት። ከዚያ፣ «አጭር ነው፣ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ፤ እርስዎ ቁጥር ማስገባት ብቻ ነው» ብዬ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። ጣቴ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። ይቅርታውን አልረሳሁም። ካሴቱን ጉያዬ ከትቼ በብስክሌት በረርኩ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ አውቶቡሶቹ ሄደዋል፤ አቧራው ገና አልረጋም። የኬላው ወታደር የይለፍ ወረቀት ጠየቀኝ። የለኝም። ወዴት? ሐሙሲት። ለምን? ዋሽቼ ልመልስ አስቤ ነበር፤ እውነቱ ቀድሞ ወጣ። የእናት ድምፅ ነው፣ ተሳስቶ ቀረ አልኩት። ካሴቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «የማን እናት?» አለኝ። የአዳነ ስለው፣ የሚያውቀው ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ብስክሌቴን እሱ ያዘልኝ፤ ጤፍ የጫነ መኪና አስቁሞ፣ «ይችን ሐሙሲት ጣላት» አለው ሾፌሩን።

ሐሙሲት አውቶቡሱ ቆሟል። ይግዛው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው፤ ከረጢቱን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዳቦ ይበላል። ሲያየኝ ደንግጦ ተነሣ። «ምነው፣ እናታችን ደኅና አይደሉም?»

ነገርኩት። የአዳነን ዕቃ ፈትቶ የእኔን ካሴት አወጣ። የዘፈን መስሎት እንደነበር ነገረኝ። «እኛ ዘንድኮ ቴፕ አንድ ነው ያለን» አለ። «ካሴት የመጣ ዕለት ሁላችንም ተሰብስበን ነው የምንሰማ። የአንዱ እናት ስታወራ ሁሉም ዝም ይላል። ያለፈው ጊዜ የወሎ ልጅ እናት ነበሩ፤ በየሰዓቱ አምጣው እያልን ስንሰማ ባትሪው አለቀ።» የእኔ ካሴት እንዴት እንደሚጮኽ ባፌ ሳሰማው ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ፣ አዳነ መሐል ተቀምጦ፣ ያ ጩኸት ሲወጣ አሰብኩትና እኔ አልሳቅኩም።

«ምን አለበት እሱ?» አለኝ ካሴቴን እያሳየ።

«ቁጥር የሚያጣራ ነው። ከኋላ ቢነበብም የማይለወጥ መሆኑን ያያል።»

«ከተለወጠስ?»

«ይቅርታ፣ አይደለም ይላል።»

«ጨዋ ነው እኮ» አለ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ሄዱ።

ስመለስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ጓድ በላይነህ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል፤ ማሽኑ በርቷል። «እንዴት ሆነ?» አልኩት። 44 አስገብቶ አሳየኝ።

ይቅርታ፣ አይደለም።

መስመር 15። መስመር 15ን ረስቼዋለሁ! ማክሰኞ የጻፍኩትን ነው እንዳለ የደገምኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ለመልቀምም አልደረስኩም። እንግዶቹ የተወለዱበትን ዓመት አስገቡ፣ የቤት ቁጥራቸውን አስገቡ፤ ለሁሉም ይቅርታ፣ አይደለም። መጨረሻ ላይ አንደኛው 1111 አስገባ። ይቅርታ፣ አይደለም። ሰውዬው ሳቀና መነጽሩን ወደ ኪሱ ከተተ።

«ይቅርታ ባይል ይሻል ነበር» አለ ጓድ በላይነህ። «አይደለም ባለ ቁጥር የለመነ ነው የሚመስለው።»

ነገ ይጭኑታል።


ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ጭነው ሄዱ። ሽቦዎቹን እኔ ጠቀለልኩ፤ ሰው ሲነካካቸው ማየት አልቻልኩም። የቴሌቪዥኑን ገመድ ከማሽኑ ጋር እንዳያምታቱት በወረቀት ጽፌ አሰርኩላቸው። ከሰዎቹ አንዱ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ፣ «ስሕተቱ ምን ነበር?» አለኝ። ቅጂ አልያዝኩም ነበር አልኩት። ገባው። ከገባው ሰው ጋር ትንሽ ባወራሁ ደስ ባለኝ፤ መኪናው ግን ሞተሩ ተነሥቶ ነበር።

አሁን ትክክለኛው ፕሮግራም ያለበት ካሴት አለኝ፣ ማጫወቻ ማሽን የለኝም። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀርቷል። ጓድ በላይነህ በሩን ሊቆልፍ መጥቶ፣ ትንሽ ቆይ ስለው ቁልፉን ትቶልኝ ሄደ። ሆድ ባሰኝ። እንዲህ ሆድ ሲብሰኝ ማሽኑን አብርቼ አንድ ነገር እጽፍበት ነበር።

ቤት ስገባ ለእማማ ተዋቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ደነገጡ። «ጽሑፍ ያለበት ነው ቃል ያለበት ብዬ እኮ ነው የሰጠሁት» አሉ። «የአዳነን ስም በፈረንጅ የጻፍሽለት መስሎኝ።» ሐሙሲት ደርሼ መቀየሬን ስነግራቸው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ያዝኳቸው። ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን አዩት።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«እስከ መጨረሻው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «እስከ መጨረሻው» አልኩ። «የክፍሉ ኃላፊም ነበሩ።»

እጃቸውን ከእጄ አወጡ። «ለልጄ ነበር እኮ» አሉ። «ለልጄ ብቻ።» ገብተው በራቸውን ዘጉ። ማታም አልመጡም።

ማሽኑ የለም። እሳቸውም የሉም። ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሽንብራ ቆሎ ስቆረጥም አመሸሁ።


እሑድ፣ የካቲት 13

የጠዋቱን ቅዳሴ ከክፍሌ ሆኜ ሰማሁ። እማማ ተዋቡ ሲመለሱ፣ በራቸው ሲከፈት፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ሁሉ ይሰማኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሁሉ ሲሰማኝ ነው የኖርኩት።

ሄጄ አንኳኳሁ። ምን እንደምል አላሰብኩም።

«ግቢ» አሉ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ።

ገባሁ። ተቀመጥኩ። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ስለ አንች ያልሁት ክፉ ነበር?» አሉ።

«አይደለም። ልክ ነበር።»

«አሮጊት ነኝ፣ አፌ አያርፍም።»

«እማማ» አልኩ። «ወንድም ነበረኝ።»

ድምፄን አላወቅሁትም። ይህን ዐረፍተ ነገር ከተናገርኩ ዐሥር ዓመት ሆኖኛል። አዲስ አበባ እናትና አባቴ ጋ እንኳ አይነሣም፤ ፎቶግራፉም ከግድግዳ ወርዷል። እማማ ተዋቡ አልጮኹም፣ ምነው ምን ሆኖ አላሉም። እስክጨርስ ጠበቁኝ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው አልኳቸው፤ ዐሥረኛ ክፍል ነበር፤ በሌሊት መጡ፤ ጠዋት መንገድ ላይ አገኘነው።

«ልቅሶ ተቀመጣችሁለት?»

«ክልክል ነበር። አታልቅሱ ተባልን። አላለቀስንም።»

እማማ ተዋቡ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አዘቅዝቀው ለበሱት፤ እንደ ለቀስተኛ። ከአልጋው ወርደው አጠገቤ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«በይ ስሙን ንገሪኝ» አሉ። «ስሙን ሳላውቅ እንዴት አለቅስለታለሁ?»

ነገርኳቸው። እሳቸው ጀመሩት፣ እኔ ተከተልኩ። ከውጭ ጎረቤቶች ሰምተው ሲመጡ፣ የአዳነ መርዶ መስሏቸው ሲደነግጡ፣ «የልጄ ወንድም ነው» አሏቸው። ማንም መቼ ነው ብሎ አልጠየቀም፤ እየገቡ ተቀመጡ።

አሁን መሽቷል። ዓይኔ አብጧል፣ ራሴ ከባድ ነው። የሠራሁት ልክ ይሁን ስሕተት፣ ነገ ከቀበሌ የሚጠይቀኝ ይኑር አይኑር አላውቅም። ይህን ደብተር በያዝኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ያልጻፍኩትን ልጽፍ ነው።

ዮናስ። ወንድሜ ዮናስ ይባላል።